እትዬ ካሰች እጇን ያሳረፈች ዕለት

እኅቴ ካሰች የተጨማደደ አንሶላ አይታ ማለፍ አትችልም። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። ሐኪም ቤት የታመመ ሰው ልንጠይቅ ሄደን፣ በሽተኛውን “እስቲ ትንሽ ቀና በል” ብላ ከሥሩ አንሶላውን ስትወጥር አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ የአልጋ ልብስ ሱቅ ገብተን ለማሳያ የተዘረጋውን አልጋ ነቅላ እንደገና ስታነጥፈው፣ ባለሱቁ ሥራ ፈላጊ መስላው “ስንት ይከፈልሽ ነበር?” ብሎ ጠየቃት። እኔ በኀፍረት በሩ ላይ ቆሜ መንገድ የማይ መሰልኩ።

ምን ታድርግ፣ ሙያዋ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ አንጥፋለች። እናትና አባታችን በዓመት ልዩነት ሞተውብን፣ ከወላይታ፣ ከቦዲቲ በአውቶቡስ መጥተን መናኸሪያ ስንወርድ እሷ ሃያ ሁለት፣ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባታችን ወንጌል የተቀበለው በእሷና በእኔ መካከል ስለሆነ እሷ ካሰች፣ እኔ ታቢታ ነን። መጀመሪያ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ገባች፤ በሁለተኛው ዓመት ወደ ክፍሎቹ አወጧት፤ ከዚያ ወዲያ ከዚያ ሆቴል አልወጣችም። እኔን ያስተማረችኝ በዚያ ደመወዝ ነው። ለትዳር ጠያቂ አልጠፋም ነበር። “ታቢ ትምህርቷን ትጨርስ” ስትል ጠያቂዎቹ ሌላ ቤት አንኳኩ። ታቢ ትምህርቷን ጨረሰች፣ ፒያሳ አንድ ጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ሆነች፣ አገባች፣ ፈታች፣ ሻንጣዋን ይዛ እዚያው ሐዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር ወዳለው የእኅቷ ቤት ተመለሰች። እትዬ ምንም አልጠየቀችኝም። ያን ዕለት ስገባ አልጋዬ እንደ ድሮው ተነጥፎ ነበር።

መናዘዝ ካለብኝ አሁን ልናዘዝ። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ አልጋዬን የምታነጥፈው እሷ ናት። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። አንድም ቀን አመስግኛት አላውቅም፤ ምስጋና የሚያስፈልገው ነገር መሆኑም ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ጡረታ የወጣችው ባለፈው ጥቅምት ነው። የሆቴሉ ሠራተኞች ተሰብስበው ኬክ ቆረሱ፣ ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረገ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ፖስታ ሰጧት። እሷ የጠበቀችው ብርድ ልብስ ነበር። ከእሷ በፊት ጡረታ ለወጡት ሁሉ ብርድ ልብስ ነበር የተሰጣቸው፤ የምትፈልገውን ቀለም ሳይቀር አስባበታለች። ፖስታው ውስጥ የነበረው ግን ግብዣ ነው፤ ዝዋይ አጠገብ፣ ወይን እርሻ መካከል ባለች “ዘለላ” የምትባል ትንሽ የቅንጦት ሆቴል፣ ለሁለት ሰው፣ ሁለት ሌሊት፣ ከነምግቡ። የሁለቱ ሆቴሎች ባለቤቶች ወዳጆች ናቸው አሉ።

“ምን ያደርግልኛል?” አለችኝ ቤት ስትገባ። “ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆቴል ውስጥ አልነበርኩም እንዴ?”

“ነበርሽ እንጂ አድረሽበት አታውቂም።”

“ለዚያውም የመጠጥ አገር።”

“ወይኑ ያለው እርሻው ላይ ነው እትዬ። ዘሎ አፍሽ ውስጥ አይገባም።”

ግብዣውን ቸርች ውስጥ ሊጋቡ ለተቃረቡ ሙሽሮች ልትሰጠው ስትል ደረስኩባት። ፖስታውን ከመጽሐፍ ቅዱሷ መካከል አውጥቼ ቢሮ ወስጄ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ሌባ ብላኛለች፤ ካለች ደግሞ ሆኛለሁ።

ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዘን ሄድን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በየወሩ የጌታ እራት ሲደርስ ለቸርቻችን ጽዋ የሚሆነውን የምታዘጋጀው እትዬ ናት። ዘቢብ ገዝታ፣ አጥባ፣ ዘፍዝፋ፣ ቀቅላ፣ አጥልላ። ሃያ ዓመት አልፏታል። የወይን ተክል ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም ነበር። ከዝዋይ ያሳፈረን ባጃጅ እርሻው ዳር ሲደርስ አስቆመችው፣ ወረደች፣ በረድፍ የቆሙትን ቁጥቋጦዎች ትክ ብላ አየቻቸው።

“ይኼ ነው?” አለች።

“ይኼ ነው።”

“እኔ እኮ ዋርካ የሚያህል ነበር የመሰለኝ። ይኼማ እንደ ቲማቲም እንጨት ተደግፎለት ነው የቆመው።” ቅጠሉን በጣቷ ዳሰሰች። “ደከም ያለ ነገር ነዋ” አለች፤ እንደ መደሰት አደረጋት።

ዘለላ አሥራ ሁለት ክፍል ብቻ ያላት፣ ከድንጋይ የተሠራች፣ በየመስኮቷ ወይን የሚታይባት ቤት ናት። በሩ ላይ በትሪ ቀዝቃዛ እርጥብ ፎጣና በትንንሽ ብርጭቆ ቀይ ወይን ይዘው ተቀበሉን። እትዬ ወይኑን “ይቅርብኝ፣ ጌታ ይባርክህ” አለችው፤ ፎጣውን ግን ተቀብላ እጇን ጠረገችና በሦስት አጥፋ፣ ጠርዙን ከጠርዙ አስማምታ ትሪው ላይ መለሰችው። አስተናጋጁ ፎጣውን አየው፣ እሷን አየ፣ ፎጣውን እንደገና አየው።

ወደ ሰባት ቁጥር ክፍል የወሰደችን ሶፍያ የምትባል የሠላሳ ዓመት ገደማ ሴት ናት፤ ክፍሎቹን የምታጸዳውና አልጋ የምታነጥፈው እሷ ነች። እትዬ ክፍሉን ገና ሳታይ ሶፍያን መጠየቅ ጀመረች። ስንት ክፍል ይደርስሻል? ጀርባሽን ያምሻል? ዱቄት ሳሙናው እጅሽን አይበላሽም? ሶፍያ መጀመሪያ ደነገጠች፤ እንግዳ እንዲህ ጠይቋት አያውቅማ። ኋላ ግን ነገረችን። የዝዋይ ልጅ ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት፤ ድሮ አበባ እርሻ ስትሠራ በመድኃኒቱ ሳል ይዟት ተወችው። እዚህ ስትገባ ሳሉ ለቀቃት። “የሙከራ ጊዜዬ ሰኞ ያልቃል ማዘር። ካጸደቁኝ ቋሚ እሆናለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ እስካሁን ደህና ነኝ” አለች።

“ጌታ ይረዳሻል” አለች እትዬ። ሶፍያም አሜን አለች።

ማታ እንደ ንጉሥ በላን። አልጋዎቹ ሰፋፊ ናቸው፤ አንሶላው ሲነካ ቀዝቀዝ ይላል። እኔ ጋደም ስል እንቅልፍ ወሰደኝ። እትዬ ግን መብራቱን ሳታጠፋ የትራሱን ልብስ ስፌት ስትመረምር ትዝ ይለኛል።

እሑድ ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥታ ጸለየች። እኔ ቆይቼ ተነሣሁና ገላዬን ልታጠብ ገባሁ። ስወጣ ሁለቱም አልጋዎች ተነጥፈዋል። አልደነቀኝም፤ ሁልጊዜም እንዲያ ነው። ከዚያ እሷ በተራዋ መታጠቢያ ቤት ገባችና ለረጅም ጊዜ ጠፋች። ስትወጣ ገንዳው፣ መስተዋቱ፣ ቧንቧው ሁሉ ያበራል። የተጠቀምንባቸውን ፎጣዎች አጥፋ በር ላይ ደረደረቻቸው፤ ቆሻሻውን ቋጥራ አጠገባቸው አስቀመጠች።

“እትዬ፣ እንግዳ ነሽ እኮ!”

“ሴትዮዋ ብዙ ክፍል አለባት” አለች ቀለል አድርጋ። “አንዱ ቢቀንስላት ምን አለበት?”

አመል ያወጣል ከመሀል ሲባል እሰማ ነበር። ያን ዕለት ግን የእትዬ አመል ከመሀል ሊያወጣ የነበረው ሶፍያን ነው።

ቁርስ በልተን፣ እርሻውን የሚያስጎበኝ ልጅ ተከትለን ስንዞር ረፈደ። ስንመለስ ኮሪደሩ ጫፍ ካለችው የአንሶላ ማስቀመጫ ክፍል የለቅሶ ድምፅ ሰማን። ሶፍያ ናት። የለበሰችውን የሥራ ሽርጥ አውልቃ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። እትዬ ወለሉ ላይ አብራት ቁጢጥ ብላ ምን ሆነሽ አለቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ አሸናፊ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ክፍሎቹን ራሱ እየዞረ ያያል። ሰባት ቁጥር ሲገባ አልጋው የዘለላ አነጣጠፍ አይደለም፤ የአንሶላው ማዕዘን በሌላ ዓይነት ታጥፏል፣ የትራስ ልብሱ አፍ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሯል። “አንቺ ነሽ ያነጠፍሽው?” አላት። “አይ፣ እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት” አለች፤ እውነቷን ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት እንግዳ ክፍሏን ቆሻሻ አግኝታው ራሷ አጽድታ ከፍተኛ አቤቱታ ጽፋ ነበር። አቶ አሸናፊም አሁን ደግሞ ከሐዋሳ የመጡ፣ ለዚያውም የባለቤቱ ወዳጅ የላካቸው እንግዶች፣ ክፍሉ አስጠልቷቸው ራሳቸው አጸዱት ብሎ ደመደመ። ሶፍያን የዛሬን ጨርሺና ነገ እንዳትመጪ አላት።

እትዬ ቀስ ብላ ተነሣች። ፊቷ አመድ መስሏል። “እኔ ነኝ” አለች። “እጄ ነው። ይኼ የተረገመ እጄ።” በወላይትኛ የማልተረጉመውን ነገር ጨመረችበት።

በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ የሥራ አስኪያጅ ቢሮ የገባችው ሦስት ጊዜ እንደሆነ ነግራኛለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ሊቆጧት ተጠርታ ነው። ያን ዕለት አራተኛዋን ማንም ሳይጠራት ገባች። እኔ ተከተልኳት። አቶ አሸናፊ ዕድሜው ከእኔ አያልፍም፤ እሷ ግን ክራቫት ያየችበትን ሁሉ አንቱ ማለት ለምዳለች።

“ጌታው፣ ሴትዮዋ ጥፋት የለባትም። አልጋውን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ቆሻሻ ሆኖ አይደለም። ክፍልዎ እንደ መስተዋት ነበር።”

እሱ ተነሥቶ ወንበር ሳበላት። “ወይዘሮ ካሰች፣ ደግ ሰው መሆንዎ ያስታውቃል። አዝነውላት ነው። ግን እርስዎን እንዲህ ማስቸገራችን ለእኛ ነውር ነው።”

“አዝኜ አይደለም!”

“ገብቶኛል፣ ገብቶኛል” ይላል በትሕትና። ሰውን እንደዚያ ዓይነት ትሕትና ነው የሚያሳብደው። እኔ አፌን ልከፍት ስል እትዬ እጄን ያዘችና፣ “ይምጡ” አለችው። “ይምጡና ይዩ።”

ሰባት ቁጥር ክፍል ገባን። የራሷን አልጋ እስከ ፍራሹ ነቀለችው። ከዚያ አንሶላውን አንድ ጊዜ በአየር ላይ አራገበች፤ መካከሉ ልክ ፍራሹ መካከል ላይ አረፈ። እኔ በልጅነቴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሆቴሉ ወስዳኝ በር ሥር ተቀምጬ የማያት እንዲህ ስትሠራ ነበር፤ ረስቼው ኖሮ ያን ጊዜ መጣብኝ። አራቱንም ማዕዘን በእጇ ጀርባ ሰንጥቃ ከፍራሹ ሥር ከተተች፤ ብርድ ልብሱን ገለበጠች፤ ትራሱን በአገጯ ይዛ ልብሱን አለበሰችው፤ አፉን ከበሩ አዞረችው። አራት ደቂቃ አልፈጀባትም። ስልሳ ዓመቷ ነው፤ ትንፋሿ እንኳ ከፍ አላለም።

አቶ አሸናፊ ማዕዘኑን ጎንበስ ብሎ አየው። “የት ነው የሠሩት?” አላት። ነገረችው።

“ታዲያ እንግዳ ሆነው መጥተው ለምን?”

እትዬ የአንሶላውን ጠርዝ ዳሰሰች። “ሌላ ሰው የተኛሁበትን እንዲያነሣልኝ… አላውቅበትም ጌታው። ያሳፍረኛል።”

እሱም መልካም ሰው ነው፤ ግን ሥራ አስኪያጅ ነው። “አምኜዎታለሁ። ዛሬ የሰማችውን ቃል አነሣለሁ። ነገር ግን ነገ የሙከራ ጊዜዋ ያልቃል፤ ነገ ጠዋት የማየው የሰባት ቁጥርን ክፍል ነው፤ የእሷን ሥራ ማየት የምችለው ደግሞ እርስዎ እጅዎን ካሳረፉ ብቻ ነው። ጣትዎ ከነካው ግን የማን ሥራ እንደሆነ አላውቅም፤ ማጽደቅም አልችልም” አላት።

የሶፍያ እንጀራ በእትዬ እጅ ላይ ወደቀ፤ እጇ ምንም ባለማድረጉ ላይ።

ሰኞ ጠዋትን መቼም አልረሳውም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደ ልማዷ ነቃች፤ ጸለየች፤ ጸሎቱ ውስጥ “እጄን ያዝልኝ” የሚል ሰማሁ። ከዚያ ከአልጋዋ ወርዳ ዞር ብላ አየችው። አንሶላው ተጨማድዷል፣ ትራሱ ተጋድሟል። እጇ ሄደ።

“እትዬ!” አልኳት።

መለሰችው። ፊቷን ታጥባ ተመለሰች፤ እጇ እንደገና ሄደ። “ትራሱን ብቻ” አለች።

“ትራሱንም።”

“ታቢ፣ መሬት እኮ ነክቷል።”

“ይንካ!”

ቁርስ ቤት ውሰጂኝ አለችኝ፤ ወሰድኳት፤ ዳቦው ሳያልቅ “ቁልፉን ረሳሁ” ብላ ተነሣች። ቁልፉ ፊት ለፊቷ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሮጬ ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባት። ጠበቃ ቢሮ ሃያ ዓመት ስሠራ ብዙ ተከሳሽ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ፊት አላየሁም። በመጨረሻ ለመነችኝ። “ውጭ ሆኜ አልችልም። ውስጥ ልቀመጥ። ወንበር ላይ። አልነካም።” እሺ አልኳት፤ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ሁለቱን እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አስገባቻቸው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሶፍያ አንኳክታ ጋሪዋን እየገፋች ገባች። እትዬን ወንበር ላይ ስታያት ቆም አለች። “ልሥራ ማዘር?”

“ሥሪ ልጄ። እኔ እንግዳ ነኝ” አለች እትዬ። ያቺ ቃል ከአፏ ስትወጣ ምን ያህል እንደከበደቻት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሶፍያ የእኔን አልጋ ጨርሳ ወደ እትዬ አልጋ መጣች፤ አሮጌውን አንሶላ አነሣች፣ አዲሱን አራገበች። በግርጌው በኩል አንዱ ማዕዘን አልገባ አላት፤ ወፍሮ ቀረ። እትዬ አየችው፤ እኔም አየሁት። የእትዬ ክርኖች ተንቀሳቀሱ፤ እጆቿ ግን ከሥሯ አልወጡም። ከንፈሯን ነከሰች። ሶፍያ ወደ ትራሱ አለፈች፣ ብርድ ልብሱን ዘረጋች፣ ሊያልቅ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዳ አልጋውን አየችው፤ ተመልሳ ያቺን ማዕዘን ነቅላ እንደገና ከተተቻት። ጥሩ ሆነች። እትዬ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች።

ሶፍያ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ እሷ ዞረች። “ማዘር፣ ሌሊቱን ተመችቶዎት አደሩ?”

ይኼ በየሆቴሉ የሚባል ቃል ነው። እትዬ ራሷ ለእንግዶቿ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳለችው እግዚአብሔር ይወቅ። ለእሷ ግን ማንም ብሏት አያውቅም። እኔ ብያት አላውቅም። አንገቷን ደፋች፤ ጉንጮቿ ላይ እንባዋ ወረደ፤ እጆቿ ከሥሯ ስለሆኑ የምትጠርግበት አልነበራትም።

“ተመችቶኝ ነው ያደርኩት፣ ልጄ” አለች። “በጣም ተመችቶኝ ነው።” ከዚያ አልጋውን ቀና ብላ አየችው። “ለካ ከዚህ ሲታይ እንዲህ ያምራል። ሁሌ ጎንበስ ብዬ ነዋ የማየው። ሲያልቅ ደግሞ ወደሚቀጥለው ክፍል ነው። ተመስገን ጌታዬ፣ ይኼን ስላሳየኸኝ ተመስገን።”

አራት ሰዓት ላይ አቶ አሸናፊ መጣ። ማዕዘኖቹን አየ፣ መስተዋቱን አየ፣ ጣቱን በመስኮቱ ደፍ ላይ አሳለፈ። “ደህና ነው” አለ፤ ለሶፍያም ከሰዓት በኋላ መጥታ ወረቀቷን እንድትፈርም ነገራት። ሶፍያ ፊት ለፊቱ እልል አላለችም። እሱ ከወጣ በኋላ ግን እትዬን ከነወንበሯ አቀፈቻት። “አልሐምዱሊላህ” ትላለች አንዷ፤ “ጌታ ይባረክ” ትላለች ሌላዋ። እኔ መካከል ቆሜ እንደ ሞኝ አለቅሳለሁ።

ስንወጣ ሶፍያ አንድ ፌስታል ወይን ከእርሻው አስቆርጣ ሰጠችን። እትዬ ሐዋሳ እስክንደርስ ጭኗ ላይ ታቅፋው ነበር፤ እንዳይጨፈለቅ። የዚያን ወር ጽዋ ከዘቢብ ሳይሆን ከእሱ ጨምቃ አዘጋጀችው። ሽማግሌዎቹ ልዩነቱን አላወቁም፤ እሷ ግን ታውቀዋለች።

ሚኒባሱ ሻሸመኔን ሲያልፍ እሷ ተኝታ ነበር፤ ራሷ ትከሻዬ ላይ ነው። እጆቿን አየኋቸው። ጥፍሮቿ አጭር፣ መገጣጠሚያዎቿ ያበጡ፣ የእጇ ጀርባ ማዕዘን በሚሰነጠቅበት በኩል የጠነከረ። ስንት ሰው ተመችቶት እንዲያድር ሠርተዋል። እኔን ለዚህ አድርሰዋል። እናም እዚያው ወንበር ላይ ሳለሁ በራሴ በጣም አፈርኩ።

ማታውን ስልኬን ማክሰኞ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ እንዲቀሰቅሰኝ ሞላሁት። እትዬ ጸሎቷን ጨርሳ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ ጠብቄ ክፍሏ ገባሁ። አንሶላውን አራገብኩት፤ ጠማማ ሆኖ ወደቀ። ጎተትኩት። ማዕዘኑን እንዳየኋት በእጄ ጀርባ ልሰነጥቅ ሞከርኩ፤ እንደ ድንች ጆንያ አበጠ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ባሰበት። ቀና ስል እትዬ ፎጣዋን አንገቷ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“አልጋሽን እያነጠፍኩ።”

“ለምን?”

“እትዬ፣ ተመችቶሽ አደርሽ?” አልኳት።

መጣች። ያበጠው ማዕዘን አጠገብ ቆመች። እጇ ወደ እሱ ሄደ፤ አንሶላው ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ቆመ። መለሰችውና ወንበሩን ሳበች፤ ተቀመጠች፤ ሁለቱን እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አስገባቻቸው።

“ተመችቶኝ ነው ያደርኩት” አለች። “በይ ጨርሺው፣ ትራሱ ይቀርሻል።”

ማታ ከቢሮ ስመለስ አየሁት። ማዕዘኑ እንዳበጠ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች፤ አልነካችውም።